ሰው ሠራሽ ጉልበት አጠገብ የተሰበረ አጥንት፦ ከ9 ወር በኋላ ምኑ ይቀራል፣ ምኑ ይሻሻላል?

ፊዚዮ ባሕር ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አንዲት የ71 ዓመት እናት ምክር ፈልጌ ነው። ቀኝ ጉልበታቸው አሜሪካ ውስጥ በሰው ሠራሽ ከተተካ 8 ዓመት ሆኖታል። ከ9 ወር በፊት እዚህ አገር ቤት ምንጣፍ ጠልፎ ጣላቸውና የጭን አጥንታቸው ከሰው ሠራሹ ጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ ተሰበረ። ሰው ሠራሹ አልላላም ተብሎ በውጭው ጎን ረጅም ፕሌት (በስክሩ ከአጥንቱ ጋር የሚታሰር ጠፍጣፋ ብረት) ገባላቸው።

የዛሬው ምርመራ ይህን ይመስላል። ጉልበቱ እስከ 75 ዲግሪ ይታጠፋል። እግሩን ራሳቸው ሲዘረጉት 15 ዲግሪ ይጎድለዋል፤ እኔ ስዘረጋው ግን ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል። ቀኝ እግራቸው በ1.5 ሳንቲ ሜትር አጥሯል። የሚሄዱት በዎከር (በሁለት እጅ በሚያዝ ባለ አራት እግር መደገፊያ) ነው። ከወንበር ሲነሱ የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት እርምጃዎች ጭናቸውን ይወጋቸዋል፣ ከዚያ ይለቃቸዋል። ቁስሉ ደርቋል፣ ትኩሳት የለም። በእጃቸው ያለው የ6 ወሩ ራጅ ነው፤ ጉልበቱን ብቻ ያሳያል፣ ሪፖርቱም «እየገጠመ ነው» ይላል።

ቤተሰቡ የሚጠይቀው ለጾሙ መስገድ ይችሉ እንደሆነ፣ ዱካ ላይ ተቀምጠው ቡና ያፈሉ እንደሆነ ነው። አንድ ዘመድ ደግሞ «ወጌሻ አሽቶ ያጥፍላቸው» እያለ ነው። እኔ ማወቅ የምፈልገው ይህ ህመም የሚጠበቅ ነው ወይ? ከ75 ዲግሪ በላይ ተስፋ አለ ወይ? ለእጥረቱ ጫማ ላስተካክል? ለሚቀጥሉት ዓመታትስ ምን ምን እንከታተል?

ኦርቶ ሐኪም

መጀመሪያ ህመሙ፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ በኋላ ይመጣል። በ9ኛው ወር ከተቀመጡበት ሲነሱ የሚወጋና ጥቂት ከተራመዱ በኋላ የሚለቅ የጭን ህመም «ብረት ስላለበት ነው» ወይም «ብርድ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የላላ ነገር ክብደት ሲያርፍበት ሸርተት ይልና ቦታውን ይይዛል፤ ህመሙ መጀመሪያ ላይ መጥቶ የሚተወውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮች አንድ በአንድ እስኪወገዱ ድረስ ይጠርጠሩ፦ አጥንቱ አልገጠመ ይሆናል፣ ሰው ሠራሹ ላልቶ ይሆናል፣ ወይም ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ ኢንፌክሽን ይኖራል።

ጉልበት ብቻ የሚያሳይ ራጅ አይበቃም። ከዳሌ እስከ ጉልበት ሙሉው የጭን አጥንት ከፊትና ከጎን ይነሳ። የፊቱ ሲነሳ የጉልበቱ ሎሚ በቀጥታ ወደ ላይ ማየት አለበት፤ እግሩ ወደ ውጭ ከዞረ የተጣመመው ቀና፣ ቀና የነበረው የተጣመመ ይመስላል። መቆም ስለሚችሉ ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት በቁም የሚነሳውም ይጨመር። ሙሉ አጥንት ያልኩበት አንድ ምክንያት የፕሌቱ የላይ ጫፍ ነው። እዚያ ላይ ጠንካራው ብረት ያልቃል፣ የሳሳው አጥንት ይጀምራል፤ በሚቀጥለው ውድቀት አዲስ ስብራት የሚመጣውም ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። በዚያው በኩል ዳሌያቸውም ተቀይሮ ከሆነ በሁለቱ ብረቶች መሃል የቀረችው አጥንት የባሰች ደካማ ናት።

ራጁን ስታነቡ «ገጥሟል» የሚለውን ቃል ተዉትና ራሳችሁ ቁጠሩ። አጥንቱ አራት ግድግዳ አለው፦ በፊቱ ራጅ የውስጥና የውጭ፣ በጎኑ ራጅ የፊትና የኋላ። ከአራቱ ቢያንስ ሦስቱ ላይ አዲስ አጥንት ስብራቱን ተሻግሮ መታየት አለበት። የውጩን ግድግዳ ፕሌቱ ስለሚሸፍነው ሁሉም ነገር የሚፈረደው በውስጠኛው በኩል ነው። ከዚያ ስክሩዎቹን አንድ በአንድ ተከተሉ። በስክሩ ዙሪያ እንደ ቀለበት ጥቁር መስመር ካለ ስክሩ አጥንቱ ውስጥ እየተነቃነቀ ነው። የተሰበረ ስክሩ፣ የጎበጠ ፕሌት ካለ ነገሩ ግልጽ ነው። በመጨረሻ ሰው ሠራሹን ከቀዶ ሕክምናው ማግሥት ከተነሳው ራጅ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት። በሲሚንቶውና በአጥንቱ መሃል ቀጭን መስመር ሳይሰፋ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ከ2 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ ከራጅ ራጅ ከሰፋ ወይም ብረቱ ራሱ ካዘነበለ ግን ላልቷል።

ፕሌት ለምን ይሰበራል? የውስጠኛው ግድግዳ ደቅቆ ድጋፍ ሲያጣ፣ ክብደቱን ሁሉ ፕሌቱ ብቻውን ይሸከማል። በእያንዳንዱ እርምጃ ጥቂት ይታጠፋል። ሽቦ ደጋግመው ሲያጥፉት እንደሚበጠሰው እሱም በስብራቱ ትክክል ባለችው ባዶ የስክሩ ቀዳዳ ላይ ይበጠሳል። ተቃራኒውም አለ። ስክሩዎች ስብራቱ አጠገብ ተደርድረው ከገቡ ፕሌቱ ከልክ በላይ ይደርቃል፤ አጥንት ለመግጠም የሚያስፈልገው ጥቂት እንቅስቃሴ ይጠፋና አዲስ አጥንት ሳይበቅል ይቀራል። ሲጋራ፣ ያልተያዘ ስኳር፣ ስቴሮይድ፣ የቫይታሚን ዲ እጥረትና ኢንፌክሽን ሁሉንም ያብሳሉ። አጥንት መግጠሙና ፕሌት መድከሙ እሽቅድምድም ነው። በ9ኛው ወር አጥንቱ ካልገጠመ መወሰን ያለበት ፕሌቱ ከመሰበሩ በፊት ነው።

ለኢንፌክሽን ሲአርፒና ኢኤስአር የሚባሉት የደም ምርመራዎች ይታዘዙ። ሲአርፒ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል፤ በ9ኛው ወር ከ10 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ ከሆነ፣ ኢኤስአርም ከ30 ካለፈ፣ እንደ ሪህ ያለ ሌላ ምክንያት ከሌለ በቀር ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ተስቦ ይመርመር። ነጭ የደም ሴሉ ከ3,000 በላይ፣ ከእነሱም ኒውትሮፊል የሚባለው ዓይነት ከ80 በመቶ በላይ ከሆነ ኢንፌክሽን ነው ብላችሁ ተነሱ። ካልቸሩ (ባክቴሪያ ከፈሳሹ የሚበቅልበት ምርመራ) 14 ቀን ይጠበቅ፤ ቀስ ብለው የሚያድጉ ባክቴሪያዎች ስላሉ። አንድ ነገር አደራ፦ ጉልበቱ ቀላም አበጠም፣ ፈሳሽ ከመሳቡ በፊት አንቲባዮቲክ አይጀመር። የጀመሩትም ከሆነ፣ ሕመምተኛዋ የሚያሰጋ ሁኔታ ላይ እስካልሆኑ ድረስ፣ ቢያንስ 2 ሳምንት አቁመው ይሳብ። አምስት ቀን የተዋጠ ክኒን ኢንፌክሽኑን ሳያጠፋ ካልቸሩን ብቻ ባዶ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ለወራት በጨለማ ውስጥ ትሄዳላችሁ።

ስለ ረጅም ጊዜው። ጉልበት ከተተካላቸው ሰዎች በዚህ ቦታ የሚሰበሩት ከ100 ከ0.3 እስከ 2.5 ያህሉ ናቸው፤ ተተክቶ እንደገና በተቀየረ ጉልበት ላይ ቁጥሩ ይጨምራል። ስብራቱ ትንሽ አይደለም። በአረጋውያን ላይ የመጀመሪያው ዓመት የሞት መጠን ከዳሌ ስብራት ጋር የሚቀራረብ ነው፤ በሕይወት ከቀጠሉትም ብዙዎቹ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላሉ። ያለ ከዘራ ይሄድ የነበረው በከዘራ፣ በከዘራ የነበረው በዎከር። ቤተሰብ ይህን በጊዜ ቢሰማ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚያሳስበኝ መጣመም ነው። የባት ጡንቻ የታችኛውን ስባሪ ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ በዚያው ከገጠመ ጉልበቱ ወደ ኋላ የታጠፈ ይመስላል። ወደ ውስጥ ከ5 ዲግሪ በላይ ከተጣመመ ደግሞ ክብደቱ ሁሉ በውስጠኛው በኩል ይወርዳል፣ በብረቶቹ መሃል ያለው ፕላስቲክ በአንድ ወገን ይበላል፣ ከዓመታት በኋላም የታችኛው ብረት ይላላል። ያን ጊዜ ራጁ «ስብራቱ ገጥሟል» ይላል፤ ችግሩ ግን የስብራቱ ነው።

ተሃድሶ ጉልበት

ፊዚዮ፣ ራስ ሲዘረጉና በእርዳታ ሲዘረጋ ለይተው መለካትዎ ትልቅ ነገር ነው። በእርዳታም የማይዘረጋ ቢሆን ኖሮ የኋላው ጅማት ተኮማትሯል እንል ነበር፤ መፍትሔውም ማፍታታት ይሆን ነበር። የእሳቸው ግን የጭን የፊት ጡንቻ ድክመት ነው። ያውም እንዲሁ ድክመት ብቻ ላይሆን ይችላል። አጥንቱ በ1.5 ሳንቲ ሜትር ሲያጥር በላዩ የሚያልፈው ጡንቻ እንደ ረዘመ ገመድ ይላላል፤ ሙሉ ኃይሉን ከማውጣቱ በፊት መሳቢያው ያልቅበታል። ስለዚህ 15 ዲግሪው ወደ 5 ሊወርድ ይችላል፣ ዜሮ ይሆናል ብለው ግን ቃል አይግቡ።

ሐኪሙ ራጁን አይቶ እስኪፈቅድ ድረስ ቁርጭምጭሚት ላይ ክብደት አይሰር። እስከዚያ ጋቢ ጠቅልላችሁ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጥቅል ከጉልበቱ ሥር አድርጉ፤ ተረከዙን ከአልጋው አንስተው ጉልበቱን ይዘርጉ፣ 5 ሰከንድ ይያዙ፣ ቀስ ብለው ይመልሱ። 10 ጊዜ በ3 ዙር፣ በቀን ሁለቴ። በመመለሱ ላይ ቢቸኩሉ ግማሹ ጥቅም ይቀራል። ሦስት አራት ሳምንት ያለ ህመም ከሠሩ በኋላ ከከፍተኛ ወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ቀጥሎም የ10 ሳንቲ ሜትር ደረጃ ላይ መውጣት። የዳሌ የጎን ጡንቻን አትርሱ፤ ጎን ለጎን እያሉ በዎከር መራመድ ብዙ ይረዳል። ልዩነቱን ለማየት ከወንበር ተነስቶ 3 ሜትር ሄዶ ተመልሶ መቀመጥን በሰዓት ያዙ፤ 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከወሰደ የመውደቅ ሥጋት አለ።

ስለ መታጠፉ እውነቱን ልንገራችሁ። ሜዳ ላይ ለመራመድ 65 ዲግሪ ግድም ይበቃል፤ አላቸው። ደረጃ ለመውጣት ከ80 በላይ፣ ለመውረድ ከ90 በላይ፣ ከተለመደ ወንበር እጅን ሳይደገፉ ለመነሳት ከ95 እስከ 105 ያስፈልጋል። ዱካ ላይ መቀመጥ፣ ቁጢጥ ማለት፣ ግንባርን መሬት አድርሶ መስገድ ከዚያ ብዙ ያልፋል፤ ያልተሰበረ ሰው ሠራሽ ጉልበት እንኳ ብዙ ጊዜ አይደርስበትም። መሻሻሉ የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው፣ እስከ ዓመት ይንፏቀቃል፣ ከዚያ ይቆማል። ከ75 ተነስቶ ወደ 85 ወይም 90 ማድረስ መልካም ውጤት ነው። ከስብራቱ በፊት ስንት ይታጠፍ እንደነበር ቤተሰቡን ይጠይቁ፤ ያኔም 90 ብቻ ከነበረ ግቡ እሱ ነው።

ወጌሻውን በተመለከተ፣ ቤተሰቡን ሳታስቀይሙ ግን ቁርጥ አድርጋችሁ ተናገሩ። እዚህ ጉልበት ላይ መታጠፉን የያዘው ጡንቻው በስብራቱ ቦታ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ መጠበቁ ነው። በጉልበት ሲታጠፍ የሚለቀው ጠባሳው ላይሆን ይችላል፤ ያልጠናው ስብራት እንደገና ይከፈታል፣ ሎሚው ይሰበራል፣ ወይም ከሎሚው በታች ያለው ጅማት ከአጥንቱ ተነቅሎ ይወጣል። ጅማቱ ከተነቀለ ጉልበቱን መልሶ የሚዘረጋ ነገር ማግኘት ከሁሉ ከባዱ ነው። በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ደግሞ ደም አቋርጦ እግር ያስቆርጣል። ሆስፒታል ውስጥ በማደንዘዣ አጥፎ ማፍታታት እንኳ የሚረዳው ስብራት በሌለበት፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው።

ኑሮውን ለጉልበቱ እናስተካክል። የወንበሩ ከፍታ 50 እስከ 55 ሳንቲ ሜትር፣ እጅ መደገፊያ ያለው። ሲነሱ ቀኙን እግር ወደ ፊት ገፋ፣ ግራውን ወደ ኋላ ሳብ። ረከቦቱን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ብታወጡት ቡናው ይፈላል፤ ምድጃው ግን የማይነቃነቅና እጃቸው የሚደርስበት ይሁን። ለመጸዳጃ ቤት መሃሉ የተቀደደ ወንበር ከጉድጓዱ በላይ፣ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት። ስግደቱን ቆመው ወይም ተቀምጠው ጎንበስ በማለት እንዲፈጽሙት የንስሐ አባታቸውን ያነጋግሩ። ሚኒባስ ላይ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የተሰበረው ይቅደም።

አሁን ጫማው። እጥረቱን በሜትር ብቻ አትመኑት። ጉልበቱ ተዘርግቶ ይቁሙ፤ የሁለቱን ዳሌ አጥንት ጫፍ ከኋላ በጣቶችዎ ይዘው ከቀኙ እግር ሥር 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸውን ጣውላዎች አንድ በአንድ ይጨምሩ። ዳሌው እኩል የሚሆንበት ሳይሆን እሳቸው «አሁን ተመቸኝ» የሚሉበት ከፍታ ነው የሚሰራው፤ ብዙ ጊዜ ከሙሉው ዝቅ ይላል። ለ1.5 ሳንቲ ሜትር በ8 ሚሊ ሜትር ወይም በ1 ሳንቲ ሜትር ይጀምሩና ከሦስት ሳምንት በኋላ ይዩት። እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ጫማ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ተረከዙ ሾልኮ ስለሚወጣ ጫማ ሰሪ ከውጭ ሙሉውን ሶል ያወፍረው፣ ተረከዙን ብቻ አይደለም። የቤት ውስጡ ሸበጥም አብሮ ይስተካከል፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች አብዛኛውን ሰዓት የሚውሉት በእሱ ነው። ይህ ሁሉ ግን ከራጁ በኋላ። አጥንቱ ገና እየሰመጠ ከሆነ የዛሬው ልኬት በወሩ ይለወጣል።

ነርስ ከሜሪላንድ

ቀዶ ሕክምናው አሜሪካ ከተሠራ ወረቀቱን አሁኑኑ ጠይቁ። ሂፓ በሚባለው እ.ኤ.አ. የ1996 የአሜሪካ ሕግ ታካሚ የራሱን መዝገብ ቅጂ የማግኘት መብት አለው፤ ሆስፒታሉም በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፣ አንድ ጊዜ ማራዘም ይችላል። የሚጻፈው ለሜዲካል ሬኮርድስ ክፍል ነው። «ሙሉ መዝገብ» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መቶ ገጽ ይመጣና ዋናው ይጎድላል። በስም የሚጠየቁት ኦፕሬቲቭ ሪፖርቱ (የቀዶ ሕክምናው ዘገባ) እና የኢምፕላንት ሎግ የሚባለው የገቡት ብረቶች መመዝገቢያ ገጽ ናቸው። እዚያ ገጽ ላይ የእያንዳንዱ ክፍል ተለጣፊ ወረቀት አለ፦ ሠሪው ድርጅት፣ ሞዴሉ፣ መጠኑ፣ የካታሎግና የሎት ቁጥሩ። እናትየዋ የፈረሙበት የፈቃድ ወረቀት ከመታወቂያ ቅጂ ጋር ከላኩ እዚህ አሜሪካ ያለ ልጅ ሊቀበልላቸው ይችላል። መዝገብ የሚቀመጥበት ዘመን ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ 8 ዓመት ካለፈው ላይ አትዘግዩ።

የአጥንት መሳሳት ክትትል

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ከቁመት ወድቆ የጭን አጥንት መሰበር በራሱ የአጥንት መሳሳት ምርመራ ነው፤ መድኃኒት ለመጀመር የዴክሳ (የአጥንት ጥግግት የሚለካ ራጅ) ውጤት መጠበቅ የለበትም። ብረቱ ታስሮ አጥንቱ ሳይታከም የተሸኘ ሰው ቀጥሎ ዳሌውን ወይም ሌላውን ጉልበት ይሰብራል። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፣ ምክንያቱም መከላከል ይቻላል።

ከመጀመሩ በፊት ካልሲየም፣ የኩላሊት ምርመራና ቫይታሚን ዲ ይታዩ፤ የሚነቀል ጥርስ ካለ አስቀድሞ ይነቀል። አሌንድሮኔት 70 ሚሊ ግራም በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ። ቡና፣ ሻይ፣ ወተት አይሆንም። ከዚያ ለ30 ደቂቃ አይበሉም፣ አይተኙም፤ ክኒኑ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል። የኩላሊት ማጣሪያ መጠን ከ35 በታች ከሆነ አይሰጥም። መዋጥ ለሚከብዳቸው ዞሌድሮኒክ አሲድ 5 ሚሊ ግራም በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር፤ ለእሱም የኩላሊቱ ገደብ ያው ነው፣ ቫይታሚን ዲውም አስቀድሞ ይሞላ። እነዚህ ስብራቱ እንዳይገጥም ያደርጋሉ የሚለው ፍርሃት በሰዎች ላይ ጎልቶ አልታየም።

ካልሲየም ከምግብና ከክኒን ተደምሮ በቀን 1,200 ሚሊ ግራም፣ ቫይታሚን ዲ ከ800 እስከ 1,000 ዩኒት። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊ ግራም ያህል ይሰጣል፤ በጾም ወራት ግን ወተት የለም፣ ጾሙም ከዓመቱ ግማሽ ያህል ነው። ጤፍ ከሌሎች እህሎች የተሻለ ካልሲየም አለው፣ ጎመንና ያልተላጠ ሰሊጥም ይረዳሉ፤ የጎደለውን ክኒን ይሙላው። ካልሲየም ካርቦኔት ከምግብ ጋር፣ በአንድ ጊዜ ከ500 ወይም ከ600 ሚሊ ግራም ሳይበልጥ፤ ከአሌንድሮኔቱ ጋር በአንድ ሰዓት አይዋጥ።

አሌንድሮኔት ከ5 ዓመት፣ ዞሌድሮኒክ ከ3 ዓመት በኋላ ይቀጥል ወይስ ይቁም ተብሎ ይታያል። በዚያ መሃል በግራው ጭን ወይም ብሽሽት ሳይወድቁ የመጣ ደብዛዛ ህመም ካለ የዚያኛው ጭን ራጅ ይነሳ፤ ረጅም ጊዜ ከመውሰድ የሚመጣ ያልተለመደ ስብራት አለ። ውጭ ያሉ ልጆች ዴኖሱማብ የሚባለውን የ6 ወር መርፌ ከላኩ ደግሞ ሳይቋረጥ መቅረብ መቻሉን አስቀድመው ያረጋግጡ። ሌላ መድኃኒት ሳይተካ ሲቆም የጀርባ አጥንቶች ተከታትለው ሊሰበሩ ይችላሉ።

የወደቁበትንም ምክንያት ፈልጉ፦ ምንጣፉ፣ የእንቅልፍ ክኒን፣ ዓይን፣ ሲቆሙ የሚወርድ የደም ግፊት። ተኝተው ለክተው፣ ቆመው በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ከወረደ የግፊት መድኃኒቱ ይስተካከል።

ሦስተኛ ዓመት ሬዚደንት ሐኪም

ኦርቶ ሐኪም፣ ስብራቱ የሎሚው ወይም የቅልጥሙ ቢሆን ይኸው ነው የሚሠራው?

ኦርቶ ሐኪም

አይደለም። ሎሚው ላይ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠየቀው፦ እግራቸውን ቀጥ አድርገው ማንሳት ይችላሉ? የሎሚው ፕላስቲክ አልላላም? ሁለቱም ደህና ከሆኑ አትክፈተው፤ ቀጥ ባለ መደገፊያ 6 ሳምንት ግድም ያዘው። እዚያ ቦታ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ብዙ ጉዳት ያመጣል፤ አጥንቱ ቀጭን ነው፣ ደሙም ትንሽ ነው። እግር ማንሳት ካልቻሉ ግን መጠገን ግድ ነው፣ ለዘለቄታው የሚቀር የመዘርጋት ጉድለትም ይጠበቃል። የቅልጥሙ ላይኛ ክፍል ሲሰበር ደግሞ የታችኛው ብረት ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የላላ ነው፤ ያን ጊዜ ረጅም ዘንግ ባለው ይቀየራል እንጂ ፕሌት ብቻ አይበቃውም።

ፊዚዮ ባሕር ዳር

በጣም አመሰግናለሁ። ራጁ ተነሳ። ከፊት ሲታይ የውስጠኛው ግድግዳ ላይ አዲስ አጥንት ተሻግሯል። ከጎን የኋላው ተሻግሯል፣ የፊተኛው ላይ ግን ክፍተቱ አሁንም ይታያል። ፕሌቱ ቀጥ ብሏል፣ የተሰበረ ስክሩ የለም። ከላይ ሁለተኛው ስክሩ ዙሪያ ቀጭን ጥቁር ቀለበት አለ። ሰው ሠራሹ ከመጀመሪያው ራጅ አልተለወጠም። ወደ ውስጥ 3 ዲግሪ ተጣሟል። ሲአርፒ 4፣ ኢኤስአር 22። በተጨማሪ ፕሌቱ ላይ በጎን ስጫን ያማቸዋል፣ በቀኝ ጎናቸው መተኛት አይችሉም።

ኦርቶ ሐኪም

ከጠበቅኩት ይሻላል። በእርግጠኝነት የተሻገሩት ሁለት ግድግዳዎች ናቸው፣ ሦስተኛው ፕሌቱ ሥር ተደብቋል። የብረትን ነጸብራቅ የሚቀንስ ሲቲ ካገኛችሁ ጥያቄውን ይዘጋዋል። ካልተገኘ በ6 እና በ8 ሳምንት መሃል ያንኑ ራጅ፣ በዚያው አቀማመጥ፣ ድገሙት። ቀለበቱ ከሰፋ ወይም ወደ ጎረቤት ስክሩ ከተዛመተ ወይም 3 ዲግሪው 5 ከሆነ መጠበቁ ይብቃ። እስከዚያ ዎከሩን አይጣሉ፤ በእሱ እየተደገፉ ይርገጡ፣ መርገጥ አትከልክሏቸው። ኢንፌክሽኑን እነዚህ ቁጥሮች ያርቁታል፤ ህመሙ ከቀጠለና ቀዶ ሕክምና ከታሰበ ግን ከዚያ በፊት ፈሳሹ ይሳብ፣ ደም ብቻ አይታመንም።

የጎኑ ህመም ሌላ ነው። በጭኑ ጎን የሚወርደው ሰፊ ጅማት በፕሌቱ ጠርዝ ላይ ሲንሸራተት ያማል። ፕሌት የሚወጣው አጥንቱ ያለ ጥርጥር ከገጠመ፣ ያውም ቢያንስ ከዓመት በኋላ ነው። ሲወጣ ባዶ የሚቀሩት ቀዳዳዎች አጥንቱን ለወራት ያደክሙታል፤ በ71 ዓመት በሳሳ አጥንት ላይ እኔ የምመርጠው ትራስ በጉልበቶች መሃል አድርጎ በግራ መተኛትን ነው።

ካልገጠመ ምርጫው ሁለት መልክ አለው። ሰው ሠራሹ ጥሩ ከሆነና ለስክሩ የሚበቃ አጥንት ከታች ከቀረ በውስጠኛው በኩል ሁለተኛ ፕሌት ከአጥንት ንቅለ ተከላ ጋር፣ ወይም ከጉልበት ወደ ላይ የሚገባ ኔይል (በአጥንቱ ውስጥ የሚያልፍ የብረት ዘንግ) ከፕሌት ጋር። ኔይሉ የሚያልፈው በሰው ሠራሹ መሃል ባለው ክፍተት ነው፤ አንዳንድ ሞዴል ያንን ቦታ በብረት ሣጥን ይዘጋዋል፣ ክፍት የሆነውም ስፋቱ ይለያያል። ነርሷ የጠቀሰችው ተለጣፊ ወረቀት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ከሌለ የሚታወቀው ሕመምተኛዋ ተከፍተው ነው።

ሁለተኛው የታችኛውን የጭን አጥንት ቆርጦ አውጥቶ በብረት መተካት ነው። ትልቁ ጥቅሙ በማግሥቱ ሙሉ ክብደት መርገጥ መቻሉ ነው፤ ለአረጋዊ ይህ ሕይወት ማለት ነው። ዋጋውም አለ። የቆረጡት አጥንት አይመለስም፣ ማጠፊያው ላይ ያሉት ፕላስቲኮች ያልቃሉ፣ ኢንፌክሽን ከገባ ደግሞ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ጉልበቱን ማድረቅ ወይም ከጉልበት በላይ መቁረጥ ነው። ስለዚህ ለሰማንያ ዓመት ሰው ቶሎ እመርጠዋለሁ፣ ለስድሳ ዓመት ሰው ግን ሌላው ሁሉ ካልሆነ በስተቀር አልነካውም። የእሳቸው ዕድሜ መሃል ላይ ነው፤ አሁን ባለው ራጅ ጊዜው አይደለም።

አጥንቱ ከገጠመ በኋላ በ12ኛው ወር፣ ከዚያ በዓመት አንድ ጊዜ ራጅ፣ ሁልጊዜ ከድሮው ጋር እየተያየ። ራጆቹን ቤተሰቡ በአንድ ፖስታ ይያዝ፤ በየቦታው አዲስ ተነስቶ የድሮው ከጠፋ የሚነጻጸርበት የለም።

ተሃድሶ ጉልበት

አንድ ልጨምር። ወደ ከዘራ ሲሸጋገሩ የሚይዙት በግራ እጅ ነው። ቤተሰብ ሁልጊዜ በታመመው በኩል ያስይዛል፤ ያን ጊዜ ሰውነቱ በተሰበረው እግር ላይ ያዘነብላል፣ የውስጠኛውም በኩል ይጫናል። እጃቸውን ወደ ታች ሲለቁ የከዘራው ራስ አንጓቸው መጨማደጃ ላይ ይድረስ። ከታች ያለውን ጎማ በየወሩ ገልብጣችሁ እዩት፤ ጥርሱ ጠፍቶ ከለሰለሰ ሴራሚክ ላይ እንደ ሳሙና ነው፣ ይቀየር።